በየወሩ ጎማ የሚበላ የግቢ ቧንቧ

ጥያቄ፦ «ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። ግቢው ውስጥ ከቆጣሪው ዐሥር ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ቧንቧ አለን፤ እኛም ሁለት ተከራዮችም የምንቀዳው ከእሱ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ጥብቅ አድርገን ዘግተነውም ይንጠባጠባል። ጎማው ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወር ሳይሞላው ተመለሰበት። አሁን ደግሞ ስንከፍተው ከመክፈቻው ሥር ውኃ ይወጣል። ጎረቤታችን የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ክተቱበት ይለናል፤ ሠራተኛው ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ መስመሩ ሁሉ ይቀየር ይላል። ውኃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ በመጣበት ሌሊት ነው የሚብሰው። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦ የነገራችሁኝ አንድ ብልሽት አይደለም፤ ሁለት ነው። ተዘግቶ ሳለ ከአፉ የሚንጠባጠበው ውኃ የሚያልፈው በጎማውና ጎማው በሚያርፍበት የናስ መቀመጫ መካከል ነው። ተከፍቶ ሳለ ከመክፈቻው ሥር የሚወጣው ደግሞ በዘንጉ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ በኩል ነው፤ ይህኛው ጎማው ሃያ ጊዜ ቢቀየርም አይድንም። ሁለቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ቧንቧው መንጠባጠብ ሲጀምር ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በየተራው በኃይል ያጠብቀዋል፤ ያ ኃይል ጎማውንም፣ መቀመጫውንም፣ የዘንጉን ማሸጊያም አብሮ ይጨርሳል። ከዚህ በታች «ቧንቧ» የምለው የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የናስ አካል ነው፤ ውኃውን ከቆጣሪው የሚያመጣውን «መስመር» እለዋለሁ። ሁለቱን በመደባለቅ ብዙ ቤተሰብ የማያስፈልግ ወጪ ያወጣልና መለየቱ ይጠቅማል።

ጎማ የሚቀየርለት ቧንቧ በመጠምዘዝ የሚዘጋው ዓይነት ነው። መክፈቻውን ወደ ቀኝ ስታዞሩት ዘንጉ በጥርሱ እየወረደ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ጎማ መቀመጫው ላይ ይጫናታል። መቀመጫው በቧንቧው ሆድ ውስጥ ያለ ክብ የናስ ከንፈር ነው፤ ውኃው የሚወጣው በእሱ መካከል ባለው ቀዳዳ ነው። ጎማዋ ለስላሳ ስለሆነች ትንሽ ስትጫን ከከንፈሩ ጋር ትገጥማለች። ደኅና ቧንቧ ለመዝጋት የሁለት ጣት ኃይል ይበቃዋል፤ መዳፍና ክንድ የሚጠይቅ ቧንቧ አስቀድሞ የታመመ ነው።

አሁን ከንፈሩ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት አለ እንበል። አዲስ ጎማ ሲገባ ለስላሳነቱ ጭረቷን ሞልቶ ይደፍናታል፤ ሠራተኛውም «በቃ ድኗል» ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን የጭረቷ ጠርዝ ስለታም ነው። በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ በሚከፈት የጋራ ቧንቧ ላይ ያ ጠርዝ ጎማውን እዚያው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይቆርጠዋል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ውኃ መንገድ ያገኛል። ውኃው በጠባቧ ቀዳዳ በግፊት ሲያልፍ ደግሞ ከአሸዋው ጋር ሆኖ ናሱን ራሱን እየሞረደ ጭረቷን ያሰፋታል። ስለዚህ ወር ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ጎማ የበላ ቧንቧ ሦስተኛ ጎማ አይገባውም። ጥፋቱ ከጎማው ጥራት ነው ብላችሁ ከሆነ፣ አንዱ ጎማ መናኛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጊዜ ሲያልቁ ግን ፊታችሁን ወደ መቀመጫው አዙሩ።

ጭረቷን ማን አመጣት? በአብዛኛው ፈረቃው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጮቄ ግርጌ ተቀምጦ ውኃ በፈረቃ መቅዳት የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ቁጭቱ ግን ቧንቧ አይጠግንም፣ ስለዚህ የተቆራረጠ ውኃን ባሕርይ ማወቅ ይሻላል። ውኃ ሲቋረጥ መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ዝገት እየደረቀ ይፈረፈራል፣ ደለሉም ይረጋል። ውኃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ፣ ያንን ሁሉ አንሥቶ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ባልዲ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ገና ደፍርሶ ሳለ ቧንቧውን ጥብቅ አድርጎ ከዘጋው አሸዋዋ በጎማውና በናሱ መካከል ትያዛለች፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው የምትፈጨው። ሌሊት ይብሳል ያላችሁትም ትክክል ነው፤ ሰፈሩ ሲተኛና ሌላው ሰው ሁሉ ሲዘጋ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ቀን ላይ የማታሳልፈው ቀዳዳ ሌሊት ታሳልፋለች።

የጎረቤታችሁን ምክር በአንድ ነገር ብቻ እቀበላለሁ፦ ከመነዳሪ ለአንድ ሌሊት ያሳድራል። ከዚያ በላይ አይሆንም። ቀጭንና የሚለጠጥ ስለሆነ ግፊት ሲያርፍበት ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል፣ ይታጠፋል፣ ተቆርጦም መስመሩ ውስጥ ይቀራል። ለመጠጥ ውኃ ተብሎም የተሠራ አይደለም። ለጊዜው ማሳደሪያ ከሆነ የሚሻለው አሮጌውን ጎማ አውጥቶ መገልበጥ ነው፤ ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ያልተነካው ጀርባው አዲሱ እስኪገዛ ያሳልፋችኋል።

የሠራተኛው ምክር ደግሞ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ግን ማረጋገጫው በእጃችሁ ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ውኃ ባለበት ሰዓት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉ፤ የሮቶ ማጠራቀሚያ ካላችሁ መግቢያውንም ዝጉ። የሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር መጠኑን የምታውቁት ዕቃ፣ ለምሳሌ የግማሽ ሊትር ጣሳ፣ አስቀምጡ። የቆጣሪውን ቁጥር እስከ ቀዩ አኀዝ ድረስ ጽፋችሁ በትክክል አንድ ሰዓት ጠብቁ። ጣሳው የያዘው ውኃና ቆጣሪው የቆጠረው ከተቀራረቡ መስመሩ ደኅና ነው፤ የሚቀየረው ቧንቧው ብቻ ነው። ቆጣሪው ከጣሳው በብዙ ከበለጠ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ልክ ነው። በአጋጣሚ ጣሳው በሰዓት ቢሞላ ምን ማለት እንደሆነም ይታያችሁ፦ ግማሽ ሊትር በሰዓት በቀን 12 ሊትር ነው፤ ውኃው ሳይቋረጥ ቢሰነብት በ30 ቀን 360 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 18 ጀሪካን። ያን ያህል ውኃ ጎን ያለ ቤት ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ከሆነ፣ ከሒሳቡ በፊት የሚጎዳው የማገሩና የምሰሶው እግር ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልጉት አንድ እንግሊዝ ቁልፍ፣ አንድ ፓፓጋሎ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሁለት ጥቅል ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ነጭ ማሸጊያ)፣ ንጹሕ ጨርቅና ባትሪ ናቸው። ብዙ ጊዜ የግቢ ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው፤ ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነም ስላለ ሳትፈቱ ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ቫልቭ ዝጉና ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውኃ አፍስሱ። «ዛሬ ፈረቃችን አይደለም» ብላችሁ ቫልቩን ሳትዘጉ አትጀምሩ፤ ውኃ ከፕሮግራሙ ቀድሞ ሲመጣ ቧንቧው በእጃችሁ ተፈትቶ ከተገኘ የቆሻሻ ውኃና የጭቃ ጎርፍ ነው የሚሆነው። ቫልቭ ከሌላችሁ ውኃ በሌለበት ቀን ሥሩ፤ ግን ጥርስ ያለው የብረት መድፈኛ ቴፍሎን ተጠቅልሎበት አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ከዚያ መክፈቻውን ግማሽ ድረስ ክፈቱት። ይህን ብዙ ሰው ይዘላል። ዘንጉ ወርዶ ሳለ የራስጌው ክፍል ሲፈታ ጎማው መቀመጫው ላይ እየተፋተገ ይዞራል፤ በዚያው ይበጣጠሳል፣ ምን እንደነበረም ማንበብ አይቻልም። የቧንቧውን ሆድ በፓፓጋሎ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ናሱን እንዳይነክሰው ጨርቅ ጣል አድርጉበት። በሌላው እጅ ትልቁን የራስጌ ዳዶ በእንግሊዝ ቁልፍ ወደ ግራ አዙሩ። ሆዱን ሳይዙ መፍታት ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሚዞረው ዳዶው ሳይሆን ከመሬት የቆመው መስመር ይሆናል፣ የሚሰበረውም ከታች መሬት ውስጥ ካለው ኤልቦ፣ ማለትም ከመስመሩ መታጠፊያ ላይ ነው። የአንድ ጎማ ሥራ የአንድ ቀን ቁፋሮ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ዘንጉ ሲወጣ ወዲያው ጎማውን አትጣሉ፤ አንብቡት። ዙሪያውን እኩል የሆነ ክብ ቅርጽ ከታተመበት በዕድሜ ያለቀ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ወይም የተጎረደ ከሆነ ከንፈሩ በዚያ ወገን ተጭሯል። ጥቃቅን ጥቁርና ቡናማ ነጥቦች ተሰክተውበት ከሆነ አሸዋና ዝገት ነው። መሐሉ እንደ ጽዋ ጎድጉዶ ጠርዙ ወደ ውጭ ከተገፋ በኃይል ሲዘጋ የኖረ ነው፤ የተገዛውም ከልኩ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ሁለት ጎማዎች ተቆርጠው የወጡት በአንድ ዓይነት ቦታ ከነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ ባትሪውን ወደ ሆዱ አብርታችሁ መቀመጫውን እዩ፤ በትንሿ ጣታችሁም ዙሩት። ደኅና መቀመጫ እንደ ቀለበት ያበራል፣ ጣትም የሚይዘው ነገር የለም። ቦይ፣ ጉድጓድ ወይም ጥርስ ከተሰማችሁ አልቋል። መቀመጫውን መልሶ የሚያስተካክል ልዩ መሞረጃ አለ፤ ዘንጉ በሚገባበት ጥርስ ታስሮ ቀጥ ብሎ ስለሚዞር ከንፈሩን እኩል ያነሣዋል። እሱ ያለው ሠራተኛ ካገኛችሁና የቧንቧው አካል ወፍራም ናስ ከሆነ ማስሞረድ ያዋጣል። ለአንድ ቧንቧ ብላችሁ ግን አትግዙት። በሞረድ ወይም በጣት በተያዘ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ደግሞ አይሞከር፤ እጅ እኩል አይፍቅም፣ አንዱ ወገን ዝቅ ይልና ምንም ዓይነት ጎማ የማይዘጋው ይሆናል።

መቀመጫው ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ (በእናንተ ሁኔታ አልጠብቅም፤ ግን የሌሎች ብዙ ጊዜ ነው) ጎማውን መቀየር በቂ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ ስፋቱም ውፍረቱም የመሐል ቀዳዳውም ይግጠም። ትንሽ የሰፋ ጎማ በመያዣው ጠርዝ ታጥፎ ይቀመጣል፣ የጠበበ ደግሞ ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል። የሚይዘው ብሎን ከናስ ይሁን፤ ተራ የብረት ብሎን ዝጎ ጎማውን ይለቀዋል። ጎማው የሚቀመጥበትን ሳህን ከዝገት አጽዱ፣ ብሎኑን ጎማው እስኪጎብጥ አታጥብቁ።

የመክፈቻው ሥር መፍሰስ ቀላሉ ክፍል ነው። ከመክፈቻው በታች ዘንጉ የሚያልፍባት ትንሽ ዳዶ አለች፤ ውስጧ ማሸጊያ አለ። መጀመሪያ ያቺን ዳዶ ወደ ቀኝ ከአንድ ሙሉ ዙር ስምንተኛ ያህል ብቻ አዙሩ፣ ውኃ ልቀቁና እዩ፤ ካልቆመ እንደገና ስምንተኛ። መክፈቻው መክበድ ከጀመረ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ ዘንጉን ይበላዋል። ካልቆመ ቫልቩን ዘግታችሁ፣ ዳዶዋን ፈትታችሁ አሮጌውን ማሸጊያ በቀጭን ካቻቢቴ አውጡ። አንድ ክንድ ያህል ቴፍሎን እንደ ፈትል ጠምዝዛችሁ ክር አድርጉት፤ በዘንጉ ዙሪያ ዳዶዋ በምትጠብቅበት አቅጣጫ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥሙና ወደ ታች ጎስጉሱት፣ ዳዶዋንም መልሱ። ግራሶ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማስገባት በብዙ ቦታ ይታያል፤ የምትጠጡት ውኃ የሚነካው ቦታ ነውና አታድርጉት።

አሁን ወደ ምክሬ። ከነገራችሁኝ ተነሥቼ፣ መቀመጫው መጎዳቱን በጣታችሁ ካረጋገጣችሁ ይህን ቧንቧ አትጠግኑ፤ ሙሉ በሙሉ አውጡና በእጀታ ሩብ ዙር በሚዘጋ፣ ኳስ ባለው የናስ ቧንቧ ተኩት። ከቆጣሪው በኋላ ቫልቭ ከሌለም በዚያው ቀን ይግባ። መስመሩን ሁሉ መቀየር የቆጣሪው ሙከራ ካላስገደደ አያስፈልግም።

የኳሱን ዓይነት የመረጥኩት ለጋራ ቧንቧ ነው። በውስጡ ቀዳዳ ያለው ኳስ በሁለት ነጭ የቴፍሎን ቀለበት መካከል ይዞራል፤ እጀታው በመስመሩ ልክ ሲሆን ክፍት፣ አግድም ሲሆን ዝግ ነው። ተዘግቶ ካበቃ በኋላ የሚጠብቅ ነገር የለውምና ብርቱ ክንድ ያለው ሰው የሚጨርሰው ጎማ የለም። ከርቀት ክፍት መሆኑ ይታያል። ቁልፍ የሚገባበት ቀለበት ያለው ዓይነትም ይገኛል፤ ተከራይና የጎረቤት ልጅ በሚቀዳበት ግቢ ይጠቅማል። ጉድለቱም ይነገር፦ ኳሱ በአሸዋ ይጫራል፣ ሲበላሽ ውስጡን መጠገን ስለማይመች ሙሉው ይቀየራል፣ ግማሽ ከፍቶ መተውም አይወድም፤ ውኃው የቀለበቱን አንድ ወገን ብቻ እየመታ ቅርጹን ያበላሸዋል። በድንገት ቀጭ አድርጎ መዝጋትም መስመሩን ያስደነግጠዋል፤ እየሮጠ ያለ ውኃ በቅጽበት ሲቆም የሚሰማው ዷ የሚል ድምፅ መጋጠሚያዎችን የሚያላላ ምት ነው። ሁለት ሰከንድ ወስዶ መዝጋት ይበቃል። ውኃ ቀስ እያላችሁ መጥናችሁ የምትለቁበት ሥራ፣ ለምሳሌ የችግኝ ማጠጫ፣ ካላችሁ በመጠምዘዝ የሚዘጋው ይሻላል።

ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። የሚያብለጨልጭና የሚቀል ቧንቧ ብዙ ጊዜ በላዩ የተለበጠ ርካሽ ቅይጥ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አንገቱ ላይ ይሰበራል። የጥርሱን ጠርዝ ወይም የውስጡን ግድግዳ እዩ፦ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ተዉት። የፕላስቲክ ቧንቧ በጥላ ሥር ያገለግላል፤ ከቤት ውጭ የደጋው ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ነጩም አረንጓዴውም የፒፒአር መስመር (በሙቀት እየተበየደ የሚጋጠመው ፕላስቲክ) ከመሬት በላይ ከወጣ እንዲሁ በፀሐይ ይሞታልና በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ወይም በሰፋ ቱቦ ውስጥ አስገቡት።

አሮጌውን ስታወጡ የሁለት ቁልፍ ሕግ እዚህም ይሠራል፦ ፓፓጋሎው የቆመውን መስመር ይዞ ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ቧንቧውን ወደ ሌላው። የብረት መስመር ከሆነና እምቢ ካለ ጥርሱ ላይ ኮምጣጤ የነከረ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለሰዓታት ተዉት፣ ቧንቧውን በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ ከዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ሞክሩ። ፒፒአር ከሆነ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። በፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ የናስ ጥርስ አለ፤ ሳይያዝ ሲጠመዘዝ ከፕላስቲኩ ተላቅቆ መዞር ይጀምራል። አንድ ጊዜ ከዞረ በቴፍሎንም በማጣበቂያም አይመለስም፤ ተቆርጦ አዲስ መጋጠሚያ በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሠራ የፒፒአር ማቅለጫ መበየድ አለበት። ያ ከደረሰ ማቅለጫ ያለው ሠራተኛ ጥሩ። እናንተ የምትሠሩት ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። የብረቱ መስመር ጥርስ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነም እንዲሁ፤ የበሰበሰ ጥርስ ላይ አዲስ ቧንቧ መግጠም ለሳምንት ነው።

ጥርሱ ደኅና ከሆነ አሮጌውን ቴፍሎንና ቃጫ በሽቦ ብሩሽ ጥርግ አድርጋችሁ አጽዱና አድርቁ። የጥርሱን ጫፍ ወደ ፊታችሁ አድርጋችሁ ቴፍሎኑን ወደ ቀኝ፣ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ጠቅልሉ፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ስታጠብቁት እየተፈታ ይወጣል። የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉ፤ እዚያ የተጠቀለለ ቴፍሎን ተቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ቀጭኑ ቴፍሎን ከሆነ ከ10 እስከ 15 ዙር፣ በመጠኑ እየተለጠጠና ጥርሱ በላዩ እስኪታይ። በሦስት ዙር ጠቅልሎ «ቴፍሎን አድርጌበታለሁ» ማለት ያልተደረገ ያህል ነው። በእጅ እስከሚሄድ አዙሩት፣ ቀጥሎ በቁልፍ አንድ ወይም ሁለት ዙር። አፉ ወደ ታች ሳይዞር ከጠበቀባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ መልሳችሁ አታስተካክሉ፤ የተመለሰ ቴፍሎን ተቀድዷል፣ ያፈሳል። ወይ ጨምራችሁ ወደፊት አድርሱት፣ ወይ አውጥታችሁ እንደ አዲስ ጠቅልሉ። ሻካራ ጥርስ ባለው አሮጌ ብረት ላይ ቃጫ ከቴፍሎን የተሻለ ይይዛል፣ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስንም ይችላል፤ ግን በዘይት ቀለም ለውሶ መጠቅለል የመጠጥ ውኃ ላይ አይሁን።

ቫልቩ ከቆጣሪው በኋላ በእናንተ በኩል ይገባል። ቆጣሪውንና ከእሱ በፊት ያለውን፣ እሽጉንም ጭምር፣ አትንኩ፤ የውኃ አገልግሎቱ ነው፣ እዚያ የሚያፈስ ካለም የሚጠራው እሱ ነው። ከቫልቩ ቀጥሎ በወንፊት የሚያጠልል መጋጠሚያ ብትጨምሩ በፈረቃ ለሚኖር ቤት ከሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ ይህ ይመስለኛል፤ ሆዱን በወር አንድ ጊዜ ፈትቶ ደለሉን ማጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ውኃ ሲመለስ ቧንቧውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ድፍርሱን ለጽዳት በሚሆን ባልዲ ተቀበሉና ኩል እስኪመስል ሳትዘጉ ቆዩ። ውኃ መምጣቱን ለማወቅ ብሎ ቧንቧውን ከፍቶ ማደር ይቅር። ሌላም ከባድ ነገር አለ፦ ጎማ ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን በርሜል ወይም የከብት ገንዳ ውስጥ እንደጠለቀ አትተዉት። ውኃው ሲቋረጥ መስመሩ ወደ ኋላ ይስባል፤ በገንዳው ያለው ቆሻሻ ወደ መስመሩ ይገባና ቀጥሎ የሚቀዳው ሰው ይጠጣዋል። ከመሬት በታች የሚያፈስ መጋጠሚያም እንዲሁ የአፈሩን ውኃ ይስባል፤ ቆጣሪው ሙከራ ላይ ከበለጠባችሁ ቸል እንዳትሉ የምለው ከውኃው ሒሳብ ይልቅ ለዚህ ነው።

ሌላው ጠላት የጀሪካን ማንጠልጠል ነው። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ቧንቧው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሲሞላ እንደ መፍንቀያ ሆኖ ጥርሱን ያላላዋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ አድርጉለት፤ ጀሪካኑ ቆሞ ከአፉ አንድ ጋት የሚተርፍ ይሁን። የቆመውን መስመር ከመሬት በተተከለ ማዕዘን ብረት ወይም ወፍራም እንጨት ላይ ሁለት ቦታ እሰሩት፤ ሰውም ከብትም ሲደገፈው እንዳይወዛወዝ። በዙሪያው የሚፈሰው ደግሞ ቤቱን ሸሽቶ ይሂድ፦ በግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በድንጋይና በጠጠር ሙሉት፣ ከላይ ያዘነበለ ሲሚንቶ አድርጉ። ደብረ ማርቆስ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ባለችው ባሕር ዳርና ከዚያ ዝቅ ባሉት ቆላዎች ይህ ኩሬ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ስለሚሆን እዚያ ላላችሁ አንባቢዎች ጉድጓዱ ከቧንቧው እኩል አስፈላጊ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት አዙሩና እርጥበት እንደሌለ እዩ። ውኃ በመጣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ግፊቱ ከፍ ባለበት ሰዓት፣ ያንኑ ወረቀት ደግማችሁ አዙሩ፤ የጣሳውንና የቆጣሪውን ሙከራም በሳምንቱ ድገሙት።